የቀውላላው ልክ

ድንቢጥ ግራ እጁን ወደ ኮቱ እጅጌ ሲሰድ፣ ስፒል አፌ ውስጥ እንደያዝኩ "ቀስ" እለዋለሁ። ለምረቃው የሰፋሁለት ኮት ነው። አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ እኔም ከትምህርት ቤት መልስ እዚሁ ሱቋ ውስጥ እቆርጣለሁ፣ እሰፋለሁ፣ እሰደባለሁ።

መስታወቱ ውስጥ ከድንቢጥ ኋላ ቀውላላው ቆሟል። ጸጉሩ ዛሬም እርጥብ ነው። ባለፈው ክረምት ወንዝ የወሰደው የክፍላችን ልጅ ነው፤ የድንቢጥ የልብ ጓደኛ፣ የእኔ ደግሞ፣ ምን ልበል፣ የእኔ። ከእኔ በቀር የሚያየው የለም።

ጥፋቱ የራሴ ነው። አክስቴ ደንበኛ ሲሞትባት የልኩን ወረቀት በዚያው ቀን ታቃጥላለች። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። የቀውላላውን ግን ሰርቄ ደረቴ ውስጥ ደበቅኩት። በሦስተኛው ቀን መስታወቱ ውስጥ መጣ።

ስምንት ወር ሙሉ ከመስታወት ጋር ስስቅና ሳለቅስ ከረምኩ። በዚህ መሀል ድንቢጥ ሳልጠራው እየመጣ፣ ቦርሳዬን እየተሸከመ፣ ሰው አይቶናል አላየንም ሳይል ስታለቅሺ ነበር ወይ እያለ፣ ሳላስበው ወደድኩት። ቀውላላው ይህን ከእኔ ቀድሞ አወቀ። ሞቶም መቅናቱን አልተወም።

ጨርቁ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋ ዕለት "በእኔ ልክ ስፊለት" አለኝ። "ወረቀቴን ገበሩ ውስጥ ስፊው። ኮቱን ከቆለፈው እወጣለሁ። ሁለታችንንም ታገኚናለሽ።"

ሁለት ሰው ወድዶ የማያውቅ ይፍረድብኝ። የድንቢጥን ወረቀት ከጨርቁ ላይ ነቅዬ በቀውላላው ልክ ቆረጥኩ፤ የእሱን ወረቀት ገበሩ ውስጥ ሰፋሁት።

አሁን ግን እጅጌው ጣቶቹን ውጦ፣ ትከሻው ወደ ክንዱ ወርዶ አየዋለሁ። ድንቢጥ ያልነው እኮ በቁመቱ ነው። እሱ መስታወቱን እያየ ይስቃል።

"የአባቴን የለበስኩ መሰለኝ" ይላል። "ግድ የለም፣ አንቺ የሰፋሽው ነው። እንዲሁ እለብሰዋለሁ።"

"አውልቀው" እለዋለሁ። ስፒሎቹ ከአፌ ይረግፋሉ። "ተሳስቼ ነው የቆረጥኩት። ሌላ እሰፋልሃለሁ፣ አውልቀው።"

አንድ ጊዜ ቆልፌ ልየው ይለኛል። እጁን ልይዘው እጄን ስዘረጋ ቀድሞኝ ይቆልፈዋል።

አክስቴ ከስፌት መኪናዋ ተነስታ ትመጣለች። የሰው ፊት አታይም፤ የምታየው ስፌት ነው። ዙሪያውን ትዞረዋለች፣ ትከሻውን ትዳስሳለች፣ እጅጌውን ትጎትታለች። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ምስጋና ስጠብቅባት ኖሬያለሁ።

"ልክ ቁጭ ብሏል" ትላለች። "በመጨረሻ እጅሽ ተፍታታ።"

ኮቱን የለበሰው ልጅ አሁን ቁልቁል ነው የሚያየኝ። እርጥብ ጸጉሩን በመዳፉ ወደ ኋላ ይሰበስባል። ጉንጬን ሲነካኝ እጁ የወንዝ ጭቃ ይሸታል።

"ሁለታችንንም ብለኸኝ ነበር" እለዋለሁ።

አክስቴን አመስግኖ ወደ በሩ ይሄዳል፤ ውጭ እንደሚጠብቀኝ በቀውላላው ድምፅ ይነግረኛል።

መስታወቱ ውስጥ ድንቢጥ በትምህርት ቤት ሸሚዙ ቆሟል። በሁለት መዳፉ ብርጭቆውን ይደበድባል፣ አፉ ይከፈታል ይዘጋል። አይሰማም። ቀውላላውም ድምፁን እስኪያገኝ ወር ፈጅቶበት ነበር።

አክስቴ ጠረጴዛውን ስታጸዳ ከጨርቁ ላይ የነቀልኩትን ብጣሽ ወረቀት ታነሳለች። የማን ልክ እንደሆነ አታነብም፤ ጨምድዳ ወደ ቆሻሻው ልትጥለው እጇን ትሰነዝራለች። እነጥቃታለሁ። ጭምዳዱን በጭኔ ላይ አቃናለሁ፣ ሁለቴ አጥፌ ደረቴ ውስጥ፣ የመጀመሪያው በነበረበት ቦታ እከተዋለሁ።