በሩን ዘግቶ ደጅ የሚያድር

እስክሪብቶው ጋዜጣውን በስቶ የጠረጴዛው ላስቲክ ላይ ቆመ። ሹፌሩ ይህን ያህል ተጭኖ የጻፈው «ድልድይ» የሚለውን ቃል ነው። አራቱን ፊደል በአራቱ ሳጥን ካስገባ በኋላ ፍንጩን እንደገና ጮክ ብሎ አነበበው።

«‹መንገድ ላይ ይኖራል፣ ቤት ግን አይገባም።› ሰማሽ? እኔን እኮ ነው!»

ሚስቱ ዕቃ እያጠበች ነበር። ዞርም አላለች። «ድልድይ ነው አላልክም እንዴ?»

«መልሱማ ድልድይ ነው። ነገሩ ግን ለእኔ ነው። ዕድሜውን ሙሉ መሪ ጨብጦ መንገድ ላይ የኖረው ማነው? አንቺ ነሽ?»

የእሑዱን ጋዜጣ መስቀለኛ ቃል የሚያዘጋጀው ታላቅ ወንድሙ ነው። ስሙ በየሳምንቱ ከሰንጠረዡ ግርጌ ይታተማል። ሰንጠረዡ ከባድ መሆኑ የታወቀ ነው፤ አብዛኛው አንባቢ ግማሹ ላይ ሲደርስ ጋዜጣውን አጥፎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ሹፌሩ ግን ሞቶ ይገኛል እንጂ አይተወውም። በእናታቸው ቀብር ሰበብ ከተጣሉ ጀምሮ ከወንድሙ ጋር ቃል ተለዋውጦ አያውቅም። ታዲያ አንድ እሑድ ሳይዘል የሚፈታው ለመዝናናት እንዳይመስላችሁ። ወንድሙ ስለ እሱ ምን እንደሚል ለማወቅ ነው።

እናታቸው ስትሞት ሹፌሩ ጭነት ይዞ ሩቅ መንገድ ላይ ነበር። ሲመለስ አፈር ለብሳለች። ወንድሙ «መሪ ለጨበጠ ሰው መርዶ አይነገርም ብዬ ነው» አለው። ቀብሩን እስኪመለስ ማቆየት ግን ማን ከለከለው? ወንድሙ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ደጁ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ በሩን ፊቱ ላይ ዘጋበት። ንዴቱ ግን አልወጣለትም። እንደ ባዳ ነው የቀበሯት፣ እሱ የሌለ ይመስል።

«ደግሞ ይሄንን ስሚ። ‹ይጮኻል እንጂ አይሰማም።› ደወል! ‹ቀን ካለፈ በኋላ የሚመጣ እንግዳ።› ጨረቃ ብዬ ሞልቼዋለሁ፤ ግን ቀን ያለፈበት እንግዳ ማነው? ቀብር ያመለጠው ማነው? በጋዜጣ ያላግጥብኛል!»

«ጋዜጣውን ስንት ሰው ነው የሚያነበው? ሁሉም እኔን ነው እያለ ቢነሳ ከተማው ይቃጠል ነበር።»

«ሁሉም የእሱ ወንድም አይደለም!»

ሚስቱ ሳህኑን ከሳህን አጋጨችው። እሑድ እሑድ ይህን መስማት አንገሽግሿታል።

የቀረችው አንዲት ፍንጭ ናት፤ «በሩን ዘግቶ ደጅ የሚያድር፤ ሦስት ፊደል።» ሹፌሩ ባያት ቁጥር ጆሮው ይግላል። በሩን ማን ዘጋው? እሱ ራሱ ነው። ይህን ከሁለቱ ወንድማማቾችና ከሚስቱ በቀር የሚያውቅ የለም። እና አሁን ደጅ የቀረው እሱ ነው ሊለው ነው? ሻዩ ቀዘቀዘ፣ መልሱ ግን አልመጣም። አእምሮው ከስድብ በቀር ሌላ ቃል ማውጣት እምቢ አለው።

በድንገት ስልኩን ብድግ አደረገ። ቁጥሩን በቃሉ ያውቀዋል።

«ሃሎ?» አለ ወንድሙ። ድምፁ አርጅቷል።

«ምን ማለትህ ነው?» ሹፌሩ ጮኸ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። «በሩን ዘግቶ ደጅ የሚያድር ማለት ምን ማለት ነው? የምትለው ካለህ በስሜ ጠርተህ አትሰድበኝም?»

ሚስቱ አረፋ በእጇ እንደያዘች ዞረች።

«አንተ ነህ?» አለ ወንድሙ።

«እኔ ነኝ! ድልድይ ያልከኝ፣ ደወል ያልከኝ!»

«የምን ድልድይ?»

«የዛሬው መስቀለኛ ቃልህ ነዋ!»

«እኔ እኮ ካቆምኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ዓይኔ እምቢ አለኝ። ሰው መምጣቱን አያለሁ፣ ማን እንደሆነ አልለይም። የጋዜጣው ሰዎች አንባቢ ስሜን ለምዶታል ብለው ነው ያላነሱት። የሚሠራው አንድ አዲስ ሰው ነው፣ እኔም አላውቀውም።»

ሹፌሩ ሰንጠረዡን ተመለከተ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየእሑዱ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲጣላ ከርሟል። ሊስቅ ይገባው ነበር፤ የመጣበት ግን ከቅድሙ የባሰ ንዴት ነው።

«ዓይንህ ሲጠፋ እንኳ አትነግረኝም?» ድምፁ ተሰነጠቀ። «ሁሌ መጨረሻ የምሰማው እኔ ነኝ?»

«በየት በኩል ልንገርህ? በሩን ዘጋህብኝ እኮ።»

ሹፌሩ ስልኩን ሊዘጋ ከጆሮው አነሳና መልሶ አስጠጋው።

«እስቲ ድገመው» አለ ወንድሙ።

«ምኑን?»

«ደጅ የሚያድረውን። የሚያነብልኝ ሰው ካጣሁ ቆየሁ። መልሱን ግን እንዳትነግረኝ።»

«አላውቀውም!» ብሎ ጮኸበት።

«ብታውቀውማ መቼ ትደውል ነበር።»

ሹፌሩ ጋዜጣውን ወደ ብርሃኑ አስጠጋና ፍንጩን ቃል በቃል፣ ቀስ ብሎ አነበበለት። ስንት ፊደል እንደሆነም ነገረው። ሚስቱ ቧንቧውን ከፍታ ወደ ዕቃዋ ስትመለስ አንድ ትልቅ ድስት ላይ ውኃው ይንፏፏ ጀመር።

«ዝጊው እንጂ!» አለ ሹፌሩ ስልኩን በመዳፉ ሸፍኖ፣ ዓይኑን አፍጥጦባት። «ጋሼ እያሰበ ነው!»