ስድስት ጊዜ የሞቱት የሒሳብ መምህር

መምህር ቀለመወርቅ ለስድስተኛ ጊዜ ሞቱ...

ያውም በአንድ ከሰዓት።

ያውም በዚያው በአንዱ ተኩላ።

አትደንግጡ... የሞቱት ስልካቸው ላይ ነው።

ሰውየው ንፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምረዋል። በዚያ ክረምት የተሳፈሩበት ባጃጅ ተገልብጦ እግራቸው ተሰበረና በጀሶ ታስረው ቤት ዋሉ።

ልጃቸው ጽዮን ልትጠይቃቸው ከባሕር ዳር መጥታ ነበር። ከመመለሷ በፊት አንድ ጌም ጫነችላቸው... ከየአገሩ ሰው በኢንተርኔት የሚገናኝበት፣ አንዱ ተዋጊ፣ አንዱ መድኃኒት ቀማሚ፣ አንዱ አንጥረኛ ሆኖ ከአንደኛ ሌቨል እየተነሣ የሚያድግበት ዓለም።

«አባዬ፣ መጀመሪያ ላይ ግን ይከብድሃል...»

«ለእኔ? ሒሳብ ለማስተምረው?» ብለው ሳቁ።

ገቡ።

ስም ሲጠየቁ የቀበሌ ፎርም የሚሞሉ ይመስል ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፉ።

ስክሪኑ በምልክት ተሞልቷል... የቱ ሰይፍ፣ የቱ መድኃኒት፣ የቱ ካርታ እንደሆነ አያውቁም። ከጌሙ ከተማ በር ወጣ ሲሉ ተኩላው ይዘላል... ሞት።

ከስድስተኛው ሞት በኋላ ሲቸግራቸው ጌሙ ላይ ሐበሾች የሚሰባሰቡበት ግሩፕ ውስጥ ጻፉ።

«ይቅርታ፣ ይህን ተኩላ እንዴት ነው የምታልፉት?»

አንዱ ወዲያው መለሰ... «ይቅርብህ፣ ሂድና ዳማ ተጫወት።»

ሌላው ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቁ።

መምህር ስልኩን አልጋው ላይ ደፉት። ፊታቸው ጋለ። ሰው እንዲህ ስቆባቸው አያውቅም።

ትንሽ ቆይቶ ስልኩ ጮኸ... «የጉና ነፋስ» የሚባል ተጫዋች ለብቻቸው ጽፎላቸዋል።

«ና ተከተለኝ። አሳይሃለሁ።»

ተከተሉት።

«አትሩጥ። ቁም። ሲዘል ወደ ጎን በል።»

ተነከሱና ሸሽተው ወደ በሩ ተመለሱ።

«ይቅርታ ወንድሜ... አልገባኝም።»

«ችግር የለም። በሌላ መንገድ ልንገርህ።»

አራት ጊዜ ነገራቸው። አራቱንም በተለያየ መንገድ። በአምስተኛው ተኩላው ወደቀ... መምህር አልጋቸው ላይ ሆነው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው!

ከዚያ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት አብረው ሆኑ። ዝናቡ ኔትወርኩን ሲወስደው የጉና ነፋስ በጌሙ ከተማ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል። መድኃኒት መቀመም አስተማራቸው። ጋሻ ሰጣቸው። አንድም ቀን አልሰለቸም። ማንነቱን ግን ሲጠይቁት ወሬ ይቀይራል።

ወር ሆናቸው።

አንድ ቀን ዋሻ ውስጥ ገብተው ከግዙፍ አውሬ ጋር ሲዋጉ መምህር ሞቅ አላቸውና ወደ ፊት ተፈተለኩ። ያን ጊዜ ቻቱ ላይ አንድ መልእክት ብልጭ አለ...

«ቲቸር ወደ ኋላ ይበሉ!!!»

መምህር መልእክቱን ደግመው አነበቡት።

ቲቸር?

...ይበሉ?

ሥራቸውን ነግረውት አያውቁም። ደግሞ ወር ሙሉ «አንተ» ሲላቸው የኖረ ሰው ነው።

«ማነህ አንተ?» ብለው ጻፉ።



«ማነሽ ይበሉኝ። ብርቱካን ነኝ ቲቸር። ዘጠነኛ ሲ... በሩ አጠገብ እቀመጥ የነበረችው።»

አስታወሷት።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። ከገጠር መጥታ ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ነበረች። አንድ ቀን እጇን አወጣች... «ቲቸር አልገባኝም።» ደገሙላት። «አሁንም አልገባኝም።» መምህር ጠመኔውን ወረወሩና፦

«አንቺ የሚገባሽ እበት መዛቅ ብቻ ነው። ተቀመጪ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ብርቱካን ከዚያ በኋላ እጇን አላወጣችም። ዓመቱ ሳያልቅ ትምህርቱን ተወች። የት ደረሰች ብለው እሳቸውም አልጠየቁም።

እንደጻፈችላቸው፣ አሁን አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ የራሷን ሱቅ ከፍታ ስልክ ትጠግናለች።

«ከመጀመሪያው ቀን አውቀሽኝ ነበር?»

«ሙሉ ስምዎን ጽፈው እንዴት አላውቅዎት?»

«ታዲያ አንተ ስትዪኝ የከረምሽው...»

«አንቱ ብልዎት ይነቁብኛል ብዬ ነው።»

«ግን ለምን ረዳሽኝ?»

«እውነቱን ልንገርዎት? በሩ ላይ ቆሜ አይዎት ነበር፤ መጀመሪያ ሲሞቱ ሳቅኩ። ሁለተኛም ሦስተኛም ሳቅኩ... ደስ ብሎኝ ነበር። ግሩፑ ላይ ጠይቀው ሁሉም ሲስቅብዎት ግን አልቻልኩም። ምን እንደሚሰማዎት አውቀዋለሁ።»

መምህር ጻፉ... አጠፉት። ጻፉ... አጠፉት። በመጨረሻ አንድ መስመር ብቻ ላኩ።

«ይቅር በዪኝ ልጄ።»



«ይኸው ወር ሙሉ እሱን እየሞከርኩ ነው ቲቸር።»

ጀሶው በተፈታ በሳምንቱ መምህር ምርኩዛቸውን ይዘው ሚኒባስ ተሳፈሩ። አርብ ገበያ የደረሱት በገበያ ቀን ነው። ሱቋ በሰው ሞልቷል። እሷን ወደ ውጭ ሊጠሯት ፈለጉ... ተዉት። ያዋረዷት በሰው ፊት ነበር።

«ስሙኝማ!» አሉ። «ይቺ ልጅ ተማሪዬ ነበረች። ጥያቄዋ ትክክል ነበር። ማስረዳት ያልቻልኩት እኔ ነኝ... ስንፍናዬን በእሷ ላይ ጣልኩት።»



ብርቱካን የያዘችውን ስልክ አስቀመጠች። ከባንኮኒው ወጣች። ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻቸውና ወንበር አቀረበችላቸው። ከዚያ ፊቷን አዙራ አለቀሰች... በሥራዋ ቀን፣ በደንበኞቿ ፊት።

በዚያው መስከረም ለማታ ትምህርት ተመዘገበች።

ወገኖቼ... የሚያውቅ ሰው ትልቁ ድክመት አለማወቅ ምን እንደሚመስል መርሳቱ ነው። ሁላችንም አንድ ቦታ ላይ አዋቂ፣ ሌላ ቦታ ላይ ጀማሪ ነን። የሚጠይቀንን ሰው አናሳፍረው... ያን ቀን ከሳቅንበት ምናልባት ዕድሜውን ሙሉ አይጠይቅም።

እናንተ በብርቱካን ቦታ ብትሆኑ ያን ተኩላ ታሳልፏቸው ነበር? ወይስ ሰባተኛ ሞታቸውን ቁጭ ብላችሁ ታዩ ነበር?

እውነቱን ጻፉልኝ... ሁሉንም አነባለሁ።