የጥጥ መዳመጫው

በአሜሪካ ደቡብ፣ በአንድ ሰፊ የጥጥ እርሻ፣ በባርነት የሚሠራ ቀጥቃጭ የሚስቱ ጣቶች የጥጥ ፍሬ ሲፈለቅቁ እየደሙ ቢያያቸው አንጀቱ አልችል አለና ባለጥርስ መዳመጫ ሠራላት። ጌታው መዳመጫው የስንቱን ሰው ሥራ እንደሚሠራ ባየ ጊዜ ጫካውን አስመንጥሮ ጥጥ ዘራበት። ለቃሚ ሲያንሰው ደግሞ ከወንድሙ የትምባሆ እርሻ ሰዎች በሰንሰለት አስመጣ።

ቀጥቃጩ ሰንሰለቱን ሊፈታላቸው ጎንበስ ሲል፣ እሱ ከዚያ እርሻ ወደዚህ ሲመጣ እዚያው የቀረችው እናቱ ከመካከላቸው ቆማለች።

«እማዬ! አንቺን ደግሞ ምን አመጣሽ?»

«አዲስ መዳመጫ ተሠርቶ ለቃሚ አነሰ አሉ፤ ከልጅ ልጆቼ ነጥለው አመጡኝ። የሠራውን ሰው እጁን ይቁረጠው!»

እጆቹን ከኋላው ደበቀ። እሷ ግን «ወይኔ ልጄን!» ብላ ጎትታ አወጣቻቸውና እያገላበጠች ሳመቻቸው።