ሁለት አቤት

መምህርቷ ለፎቶ ከወረቀቷ ላይ ስም ስትጠራ፣ ሁለት ሰዎች በአንድ አፍ «አቤት!» አሉ።

አንዱ አናጺው ነው፤ ቅንድቡ ሰጋቱራ ለብሶ፣ መዶሻውን እንደያዘ ከተገለበጠ ዴስክ አጠገብ ተንበርክኳል። ሌላው በሩ ላይ የቆመ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰውዬ ነው፤ ሽቶው ቀድሞት ገብቷል። ክፍሉን ሲያድሱ የዋሉት አባቶች ሁሉ ቀና አሉ፤ አንዴ ይሄን፣ አንዴ ያንን አዩና ሳቁ።

አናጺው አልሳቀም። ሰውዬውን በዐይኑ አይቶት አያውቅም፤ ግን ወዲያው አወቀው። ያ ጠባብ ግንባር እሱ የሚያሳድጋት ልጅ ግንባር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ አባቶች አንድ ቀን መጥተው የልጆቻቸውን ክፍል እንዲያድሱ ጠራ። ግማሹ ግድግዳ ይቀባል፣ ግማሹ መስኮት ይወለውላል፤ አናጺው ሱቁን ዘግቶ፣ መሣሪያውን ተሸክሞ፣ ዴስክ ሊጠግን መጣ። ለየአባቱ ደረት ላይ የሚለጠፍ ስም ያለበት ካርድ በሩ ላይ ይታደላል። ስሙ የተቀዳው ከተማሪዎች መዝገብ ነው፤ መዝገቡ ደግሞ የሚያውቀው ወላጅ አባቷን ብቻ ነው፤ ያንን በሁለት ዓመቷ ጥሏት ውልቅ ያለውን። አናጺው እንጀራ አባቷ ነው፤ ስምንት ዓመት ሲያሳድጋት ስሙን የትም የጻፈለት የለም። ካርዱን ሲሰጡት «ኧረ ይሄ እኔ አይደለሁም» ሊል አፉን ሲከፍት፣ ልጅቷ እጁን ይዛ ጎተተችው።

«አባዬ፣ ክፍላችን በዚህ በኩል ነው።»

አባዬ! ስምንት ዓመት ሙሉ «ጋሼ» ነበር። ኩፍኝ ይዟት ሦስት ቀን በጀርባው ሲያዝላት ጋሼ፣ ብስክሌት ሲያስተምራት ጋሼ። ዛሬ በጓደኞቿ ፊት አባዬ። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ካርዱን ደረቱ ላይ ለጠፈና ጠዋቱን ሙሉ በሰው ስም ሲጠሩት «አቤት፣ አቤት» ሲል አረፈደ። እንኳን የሰው ስም፣ ጭራ ቢቀጥሉበትም እየቆላ ይሄድ ነበር።

አሥራ አራት ዴስክ ጠገነ። የእሷን ለመጨረሻ አቆየው፤ ባለፈው ሳምንት ቀሚሷን የቀደደው ምስማር እዚያ ላይ ነው። «እንደ መስታወት አለሰልስልሻለሁ» ብሎ ቃል ገብቶላታል።

«እንዴ፣ ሁለት ሆናችሁብኝ እኮ!» አለች መምህርቷ።

ነጭ ሸሚዙ ጠጋ ብሎ የአናጺውን ደረት አነበበ። «ጉድ ፈላ! የእኔን ስም ለጥፈህ ነው እንዴ የምትሠራው?» ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ልጄ በስልክ ‹ካልመጣህ ሌላ ሰው አመጣለሁ› ስትለኝ ቀልዷን መስሎኝ! አይ ይቺ ልጅ፣ ቁርጥ እኔን።»

አባቶቹ ዳግም አውካኩ። ጣሪያ ሥር የሚቀባው አባትማ ከነብሩሹ ከመሰላል ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

ሌላ ሰው። ለካ እሱ እንደ ትርፍ ጎማ የተያዘ መጠባበቂያ ኖሯል! አናጺው ፊቱ ጋለ። ቢሆንም ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ከጓደኞቿ ጋር ወደቆመችው ልጅ ዞረ። የጠዋቷን ቃል አንዴ ትድገማት እንጂ፣ ሰው እንደፈለገ ይሳቅ።

«እስቲ አንቺው ገላግይን» አለቻት መምህርቷ። «አባትሽ የትኛው ነው?»

ልጅቷ ነጩን ሸሚዝ አየች። ሰጋቱራውን አየች። አንዷ ጓደኛዋ የሆነ ነገር ሹክ አለቻትና ሁለቱም አፋቸውን ይዘው ተንፈቀፈቁ።

«እሱ» አለች፣ ወደ ነጭ ሸሚዙ እየጠቆመች።

«እኚህስ?»

«እሱማ አናጺያችን ነው።»

አናጺው ቀዝቃዛ ውኃ የቸለሱበት ያህል ክው አለ። «እውነቷን ነው» አለ። «አናጺ ነኝ።»

ካርዱን ከደረቱ ላጠ። ሰውዬው በሁለት ጣቱ ጫፉን ይዞ ተቀበለው፣ ሰጋቱራውን እፍ አለለት፣ ነጩ ሸሚዙ ላይ ለጠፈው።

«እሰይ፣ ተገላገልን!» አለች መምህርቷ። «በሉ አባቶች፣ ከየልጆቻችሁ ጋር ቁሙልኝ። አንተ ደግሞ ስልኩን ያዝና አንሳን።» ጠዋት «እርስዎ» ስትለው ነበር።

አነሳቸው። ልጅቷ የሰውዬው ክንድ ላይ ተጠምጥማለች፤ እቤት ፎቶ ስትነሳ በመዳፏ የምትሸፍነውን ጎደሎ ጥርሷን ዛሬ አልሸፈነችውም። መምህርቷ «አንድ ድገመን» ስትለው ደግሞ አነሳቸው።

ሁሉም እየተንጫጩ ወደ ግቢው ወጡ። ልጅቷ ብቻዋን ሮጣ ተመለሰች።

«ጋሼ።»

«ወዬ።»

«ለእማዬ እንዳትነግራት፣ እሺ?»

«እሺ።»

«ዴስኬን ደግሞ እንዳትረሳ። ምስማሩን።»

«እሺ አልኩሽ።»

ወጥታ በረረች። አናጺው ዴስኳን ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳበው። ምስማሩ ግማሽ ጣት ያህል ብቅ ብሏል፤ ከቀሚሷ የቀረ ሰማያዊ ክር ተጠምጥሞበታል። በአውራ ጣቱ ነካ አደረገው። ይዋጋል። አንድ ምት ይበቃዋል።

ከግቢው የሰውዬው ሳቅ መጣ። የእሷም ተከትሎ።

አናጺው መዶሻውን ከረጢቱ ውስጥ ከተተ። ዴስኩን ከነምስማሩ ተሸክሞ እሷ የምትቀመጥበት ቦታ መለሰው፣ ከፊቱ ካለው ጋር አስተካክሎ አሰለፈው፣ በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ።