አቶ መዝገቡ የደበቁት ስም

ጌትነት ያንኑ ጥያቄ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀ። ጸሐፊዋ ዕፀገነትም ለሦስተኛ ጊዜ ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረችው፦ ለጥዑመልሳን የድጋፍ ደብዳቤ እንዳይጻፍ ሊቀመንበሩን የመከረው ማን ነው?

የአቶ መዝገቡ መልስ አልተለወጠም። የኮሚኒቲውን ማኅበር ሲመሩ ሦስት ሰዎችን ያማክራሉ። ሰዎቹ የመሰላቸውን ሳይፈሩ የሚነግሯቸው ነገሩ ከሳሎናቸው እንደማይወጣ ስለሚያውቁ ነው። የወሰኑት እሳቸው ናቸው፤ ተጠያቂውም እሳቸው። ስም ግን አይሰጡም።

በፈረንጅ አቆጣጠር የሰኔ 1998 ሙቀት ኤሲውን አሸንፎታል። ዩለስ ከተማ ያለው የአፓርታማው መሰብሰቢያ አዳራሽ ከኤርፖርት ሥራ ዩኒፎርማቸውን ሳያወልቁ በመጡ ሰዎች ተጨናንቋል፤ አውሮፕላን በላያቸው ባለፈ ቁጥር ንግግሩ ይቋረጣል። ፊት ለፊት የጥዑመልሳን ሚስት ስርጉት ተቀምጣለች። ባሏ ጥገኝነት ጠይቆ ተከልክሏል። ዳኛው፣ ከአገርህ ሰዎች የሚመሰክርልህ አንድ እንኳ የለም ወይ ሲለው የሚያሳየው ደብዳቤ አልነበረውም። አሁን ታስሮ ይግባኙን ይጠብቃል።

ጌትነት የተቆጣጣሪ ኮሚቴው ሰብሳቢ ነው፤ የሊቀመንበሩን ሥራ እንዲመረምር ጉባኤው የመረጠው። ክፉ ሰው አይደለም።

"ጋሽ መዝገቡ" አለ ለስለስ ብሎ፣ "ዋሽንግተን ያሉትም ሰውዬ ከአማካሪዎቼ ጋር ያወራሁት አይነገርም ብለው ባለፈው ወር ዳኛዋ እንቢ አለቻቸው። ሶ፣ እርስዎ ከፕሬዚዳንት ይበልጣሉ?"

ሰው ሳቀ።

"አልበልጥም" አሉ አቶ መዝገቡ። "ግን ቃል ሰጥቻለሁ።"

ጌትነት እንግዲያው ከሊቀመንበርነት ይውረዱ ወይስ ይቆዩ ድምፅ ይሰጥበት አለ። የዕፀገነት እስክሪብቶ ቆመ።

የመከረችው እሷ ነበረች። መጋቢት ላይ፣ አቶ መዝገቡ ሳሎን ውስጥ፣ የጥዑመልሳንን የጥገኝነት ፎርም አንብባ፣ ታሰርኩበት ያለው እስር ቤት እሱ በጻፈው ዓመት ተዘግቶ ነበር አለች። ወንድሟ እዚያው ታስሮ ስለነበር ታውቃለች። አንድ ውሸት ከተገኘብን ነገ የሌላውን ሰው ደብዳቤ ማን ያምነናል አለች። ሁለቱ አማካሪዎች ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ያን ቀን ነገሩ ግልጽ ሆኖ ታይቷት ነበር።

አቶ መዝገቡ ይህን ማኅበር ያቋቋሙት የኤርፖርቱን የፓርኪንግ አውቶቡስ እየነዱ፣ በየእረፍታቸው ሰው እያሰባሰቡ ነው። አሁን በእሷ ስም ምክንያት ሊያጡት ነው። ስብሰባው ከተጀመረ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እሷ አላዩም።

ይውረዱ የሚሉ እጆች መነሣት ጀመሩ። መቁጠር ያለባት እሷ ነበረች። ተነሥታ ቆመች።

"እኔ ነኝ የመከርኳቸው" አለች።

ስለ ዓመቱም፣ ስለ እስር ቤቱም፣ ስለ ወንድሟም ምንም ሳታስቀር ተናገረች። አቶ መዝገቡ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ስርጉት አላለቀሰችም፤ አልጮኸችም። "ጥዑመ የእኛን ዓመት ወደ ፈረንጅ ሲለውጥ ሁልጊዜ ይሳሳታል" አለች። "የልጃችንን ልደት እንኳ ተሳስቶ ነው ያስሞላው። እትዬ ዕፀገነት፣ እኔን ብትጠይቂኝ ኖሮ እነግርሽ ነበር።"

ዕፀገነት ቀስ ብላ ተቀመጠች።

አቶ መዝገቡ ይውረዱ የሚለው ሐሳብ በዚያው ቀረ። ጌትነት ለይግባኙ የሚሆን ደብዳቤ ዛሬውኑ ይጻፍ ሲል የሁሉም እጅ ወጣ። ስርጉት የባሏን ወረቀቶች ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፤ ሰው እፎይ አለ። አንዱ፣ ድሮም ነገር በግልጽ ሲሆን እንዲህ ያምራል አለ።

የቀረው አንድ አጀንዳ ነበር። ፍቃዱ የሚባል ከፎርት ወርዝ የመጣ ሰው እሱም እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይጻፍልኝ ብሎ አመልክቷል። አቶ መዝገቡ ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። የሆነ ነገር ግር አላቸው፤ ግንባራቸው ተቋጠረ። ቀና ብለው፣ መጋቢት ላይ ከዕፀገነት ጋር ሳሎናቸው ወደተቀመጡት ሁለት ሰዎች ተመለከቱ።

"ምን ይመስላችኋል?"

አንደኛው በዙሪያው የተቀመጠውን ሰው ቃኘ። "እርስዎ እንዳዩት" አለ።

ሌላው ጎንበስ ብሎ ያልተፈታውን የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ።