ጥጉ ላይ ቢጫ ክር ያለው ብርድ ልብስ

ሙሽራዋ ብርድ ልብሱን ስትቀበል ባህሪያ የያዘችውን የሩዝ ሰሃን ቀስ ብላ አስቀመጠች...

ብርድ ልብሱ የራሷ ነው።

አማቷ ደግሞ በሰው ፊት ፈገግ ብላ እያስረከበች ነው። «ውድ ነው፣ በደንብ ያዢው እሺ ልጄ» ትላለች።

ቦታው ጅማ አጠገብ፣ ሰቃ ነው። ዘመኑ ደርግ። የባህሪያ ባል ቲጃኒ ነው፤ የእሱ የአጎት ልጅ ከሊል ሶረቲን የሚያገባበት ቀን።

ባህሪያ ዓይኗን ከብርድ ልብሱ ጥግ መንቀል አቃታት። እዚያ ላይ በቢጫ ክር የተሰፋ ነገር አለ። የሰፋችው እናቷ ናት።

እናቷ መድና የየቡ ከተማ ሰው ነበረች። ልጇን ድራ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ከእሷ የቀረ ነገር ቢኖር ይሄ ብርድ ልብስ ብቻ ነው።

«ታዲያ አማቷ እጅ እንዴት ገባ?» ትሉኛላችሁ።

ቆዩ... የሚያበግነው እሱ ነው እኮ።

አማትየውን ሰው ሁሉ «ሃደ ቲጃኒ» ነው የሚላት፤ የቲጃኒ እናት ማለት ነው። ጅማ መንደራ ቆጪ ሰፈር ደህና ቤት አላት፣ ባሏ አባቦራም የታወቀ ነጋዴ ነው። አጥታ አይደለም ወገን።

ግን ሳጥን አላት...

እዚያ ቤት የገባ ስጦታ ሁሉ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። ቁልፉ ወገቧ ላይ ነው። ሠርግ ሲመጣ ወይ ሰው ሲወልድ ከሳጥኑ አንድ ነገር ይወጣል። ሰው ለሳሙና ቀበሌ ሱቅ በር ላይ ተሰልፎ በሚውልበት ዘመን ሃደ ቲጃኒ ለስጦታ ብላ ሰባራ ሳንቲም አውጥታ አታውቅም።

አንዴማ ጎረቤቷ ዙቤይዳ ያመጣችላትን ሻሽ መልሳ ለዙቤይዳ ልጅ ሠርግ ሰጠች። ዙቤይዳም አገላብጣ አየችውና «ማሻ አላህ፣ ይሄ ሻሽ ቤቱን አይረሳም» ብላ ተቀበለች።

የባህሪያንም ብርድ ልብስ ገና ሙሽራ ሳለች «አንቺ ልጅ ነሽ፣ ታበላሺዋለሽ፣ እኔ ላስቀምጥልሽ» ብላ ወሰደችው።

አስቀመጠችላት... ሰቃ።

ከሠርጉ ሲመለሱ ባህሪያ ለባሏ ነገረችው።

«ቲጃኒ፣ እናትህ የእናቴን ብርድ ልብስ ሰጡት እኮ።»

«የቱን?»

«ስንት አለኝና ነው የቱን የምትለኝ?»

«ተይ በቃ... ሌላ እገዛልሻለሁ። እናቴን አሁን ምን ልበላት?»

ወንድሜ ቲጃኒ፣ አፍ የተሰጠህ ለመብላት ብቻ ነው እንዴ?

ሲከፋት ራሷ ሄዳ ተናገረች።

«እማማ፣ ያ ብርድ ልብስ የእናቴ ማስታወሻ ነበር እኮ።»

«አላህ ይዘንላት ልጄ። ለሞተ ሰው የሚደርሰው ዱዓ ነው... ብርድ ልብስ ምን ያደርግላታል?»

እስቲ አሁን ይሄ መልስ ነው?

ሙሽራዋን ሄዳ «መልሺልኝ» እንዳትላት የባሏ ቤት ገመና አደባባይ ይወጣል። ስለዚህ ተወችው።

ወራት አለፉ... ባህሪያ ሴት ልጅ ወለደች።

አራስ ጠያቂ ቤቱን ሞላው። ሃደ ቲጃኒ በሩ ጋ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ እንደ ኬላ ጠባቂ እያንዳንዱን ጥቅል ትቀበላለች። «ሜ፣ እስቲ ወዲህ በይው፣ እኔ አስቀምጥላታለሁ።»

ሶረቲም ከሰቃ መጣች፣ ትልቅ ጥቅል ታቅፋ። ሃደ ቲጃኒ እጇን ዘረጋች።

«እኔው ልስጣት እማማ» አለችና አልፋት ገባች። ጥቅሉን ፈትታ ብርድ ልብሱን ሕፃኗ ላይ ጣል አደረገችው።

ሃደ ቲጃኒ ብድግ አለች።

«አንቺ... ይሄ እኔ ለሠርግሽ የሰጠሁሽ አይደለም?»

«ነው እማማ።»

«የተሰጠሽን መልሰሽ ሰው ቤት ታመጫለሽ? ነውር አታውቂም?»

ሰማችሁልኝ? ነውር አለች። ሃደ ቲጃኒ...

ዙቤይዳ ሳቋን ለመደበቅ ሻሿን አፏ ላይ ጎተተች።

ሶረቲ ግን አልተቆጣችም። የብርድ ልብሱን ጥግ ገልጣ ቢጫውን ክር አሳየቻት።

«እማማ፣ ይሄ ምን ይመስልዎታል?»

«ጥልፍ ነዋ። አበባ።»

«አበባ አይደለም። ጽሑፍ ነው... ‹ባህሪያ› ይላል።»



መድና በስተርጅና መሠረተ ትምህርት ገብታ ፊደል ቆጥራ ነበር። መጀመሪያ መጻፍ የቻለችው የልጇን ስም ነው፤ እሱኑ በክር ሰፋችው። ሃደ ቲጃኒ ደግሞ ቀበሌ በጠራት ቁጥር «ወገቤን» እያለች ቀርታለች። የባለቤቱ ስም ፊት ለፊቷ ተጽፎ፣ አበባ ነው ብላ ሰጠችው።

«ሳጥፈው ነው ያነበብኩት» አለች ሶረቲ። «ባህሪያ ማናት ብዬ ከሊልን ብጠይቀው የቲጃኒ ሚስት አለኝ። ወላሂ አልለበስኩትም። ቀደም ብዬ ባመጣው ሳጥን ይገባል ብዬ ነው የቆየሁት፤ ከሕፃን ላይ ግን ማንም አይገፍፍም። ስጦታ መልሼ አልሰጠሁም እማማ... ለባለቤቱ ነው ያመጣሁት።»

ባህሪያ ጥጉን ጉንጯ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እናቷ ስትቀበርም እንደዚያ አላለቀሰችም።

ብዙም ሳይቆይ ሃደ ቲጃኒ መሠረተ ትምህርት ተመዘገበች።

ተጸጽታ መሰላችሁ? ሳጥን ውስጥ የቀረው ላይ የሰው ስም እንዳለ ለማየት ነው እኮ...

ክረምቱ ሲወጣ ግን ባህሪያ ጋ መጣች። የብርድ ልብሱን ጥግ ያዘችና በጣቷ እየተከተለች፣ «ባ... ህ... ሪ... ያ» አለች።

«ይሄን ለመጻፍ እናትሽ ምን ያህል ለፋች?» ብላ ጠየቀች።

«አላውቅም እማማ። አልነገረችኝም።»

በማግስቱ ከሳጥኑ ሁለት አዳዲስ አንሶላ አውጥታ ባህሪያ አልጋ ላይ አስቀመጠች።

ቁልፉን ግን እስክትሞት ከወገቧ አልፈታችውም። ሰው ነው እንግዲህ...

ይሄን ያጫወተችኝ ያቺ ሕፃን ናት። ፈድሊያ ትባላለች። ብርድ ልብሱ ዛሬም አላት፤ ሳስቷል፣ ስሙ ግን ይነበባል።

ወገኖቼ፣ የተሰጣችሁን ለሌላ መስጠት ብቻውን ነውር አይደለም። እናንተን የማይጠቅም ሌላውን ካሞቀ ጽድቅ ነው። ነውሩ እናት ለልጇ የሰጠችውን ወስዶ በራስ ስም መቸር ነው። በሰው ልፋት ለጋስ መባል ቀላል ነው።

እናንተ ሶረቲን ብትሆኑ ሰው ፊት ትመልሱት ነበር ወይስ በጓዳ? የሰጣችሁት ስጦታስ ዞሮ ቤታችሁ ገብቶ ያውቃል?

ከታች ጻፉልኝ... የአማታችሁን ስም ግን አደራ፣ እንዳትጠቅሱ።