የምጥ ተካፋይ ጉርሻ

ምጥን ለሁለት መካፈል ከተቻለ ወዲህ፣ የአራስ ገንፎ የመጀመሪያው ጉርሻ ሕመም የሚያጋራውን አምባር አጥልቆ ምጡን ለተካፈለ ሰው ሆኗል። ይሄነውም የሚስቱን የውዳላትን ምጥ ግማሽ ሊሸከም ቃል ገብቶ ነበር። ሐኪሙ ሕፃኑን በመሣሪያ መሳብ ሲጀምር ግን አልቻለም፤ አምባሩን ከእጁ መንጭቆ ጣለው። የእሱ ድርሻ ሁሉ ተመልሶ እሷ ላይ ወደቀ።

ዛሬ ከወለደች ሰባተኛ ቀኗ ነው። ጎረቤቶች ይህን ሳያውቁ ገንፎውን ከበው ተቀምጠዋል።

«እንዲህ ያለውን ባል ለልጆቻችንም ይስጥልን!» አሉ እትዬ በላይነሽ። «በይ አጉርሺው።»

ይሄነው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ውዳላት ቅቤ ያጠቀሰችውን ጉርሻ ዘረጋችለት። መዳፏ በምጡ ሰዓት የአልጋውን ብረት ከመጨበጧ የተነሣ እንደተላጠ ነው።

«ውይ! እጅሽን ምን ነካው?» አሉ እትዬ በላይነሽ።

«ገንፎ ሳማስል ተቃጥዬ ነው» አለች፣ ባሏን ሳታይ።

አራስ ምድጃ እንደማትጠጋ የማያውቅ ሰው በቤቱ አልነበረም። ሴቶቹ አንድ በአንድ አቀረቀሩ። የውዳላት እጅ ግን እንደተዘረጋ ነበርና፣ ይሄነው አፉን ከፍቶ ጎረሰ።